ስለ ታማኝ ድምፅና ስለ ታማኝ ጆሮ

ሰው ከገበያ ሊገዛው የሚችለውን ዕቃ በገዛ እጁ ለመሥራት ስለ ምን ይደክማል? ደክሞ ከሠራውስ በኋላ የሥራውን መልካምነት የሚፈርድለት ማን ነው? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በማናቸውም የእጅ ጥበብ ዘንድ የሚነሡ ናቸው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንመረምራቸው የሙዚቃ ማጫወቻ መሣሪያ በቤታቸው እየሠሩና እያሻሻሉ የዕረፍት ጊዜያቸውን የሚያሳልፉትን ሰዎች ምሳሌ በማድረግ ነው። ይህንንም የመረጥንበት ምክንያት የሙያው መጠሪያ ራሱ የግብረ ገብ ቃል በመሆኑ ነው። «ሃይ ፋይ» የሚባለው የእንግሊዝኛ አጠራር ሲተረጐም «ከፍተኛ ታማኝነት» ማለት ነውና። መሣሪያው ታማኝ የሚባለው ሙዚቀኛው ያሰማውን ድምፅ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለአድማጭ ሲያደርስ ነው።

ታማኝነት ከማሳመር የተለየ መሆኑን ለመረዳት በገናን እናስብ። በገና 10 አውታሮች አሉት። በየአውታሩና አውታሩን በሚሸከመው ብርኩማ መካከል እንዝራ የሚባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ስለሚገባበት፣ አውታሩ ሲመታ ድምፁ እየነዘረ ይወጣል። ይህን ጠባዩን የማያውቅ እንግዳ መሣሪያው የተበላሸ ሊመስለው ይችላል። እንግዲህ ድምፁን ለማጣፈጥ ሲል ይህን ንዝረት የሚያለዝብ ማጉያ ቢኖር፣ በገናውን ዋሸበት ይባላል እንጂ አሳመረው አይባልም። እንዲሁም በጠራ የክራር ድምፅ ላይ ከራሱ ንዝረት የሚጨምር ማጉያ ሐሰተኛ ነው። ታማኝ መልእክተኛ የላኪውን ቃል፣ ጣፋጩን ጣፋጭ መራራውንም መራራ አድርጎ ያደርሳልና።

የዚህ ሙያ ታላቅ ዘመን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የነበሩት ዓመታት ናቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1947 ዓ.ም. ዲ. ቲ. ኤን. ዊሊያምሰን የተባለ መሐንዲስ «ዋየርለስ ዎርልድ» በሚባል የእንግሊዝ መጽሔት ላይ የአንድ ማጉያ ንድፍ አወጣ። ማጉያው 15 ዋት ኃይል ሲሰጥ በድምፁ ላይ የሚያመጣው መዛባት ከመቶ 0.1 ያነሰ ነበር። ንድፉም ለማንም የተገለጠ ስለ ሆነ፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ፣ በአውስትራልያም ብዙ ሰዎች በየቤታቸው ሠሩት። በአሜሪካ ደግሞ ሂዝኪትና ዳይናኮ የተባሉት ድርጅቶች የማጉያውን ክፍሎች ከመመሪያ ጋር በአንድ ሣጥን አድርገው ይሸጡ ነበር። በ1959 ዓ.ም. የወጣው ዳይናኮ ስቴሪዮ 70 ለእያንዳንዱ ወገን 35 ዋት ይሰጥ ነበር፤ ራሱ ለሚገጣጥመው ሰው የሚሸጥበት ዋጋም በፋብሪካ ከተገጣጠመው ያነሰ ነበር።

ይህ የዋጋ ምክንያት ዛሬ በአብዛኛው ፈርሷል። ፋብሪካ በብዛት የሚያወጣው ትንሽ ማጉያ፣ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ከመግዛት ይረክሳል። ሆኖም የብየዳ ብረታቸውን ያልጣሉ ሰዎች እስካሁን በብዙ አገር ይገኛሉ። እንግዲያው ትርፋቸው በኪስ ሳይሆን በአእምሮ የሚገባ ነው። መሣሪያን የሚገዛ ሰው የሚያውቀው መክፈቻውንና መዝጊያውን ብቻ ነው፤ የሠራው ሰው ግን እያንዳንዱ ክፍል ስለ ምን በቦታው እንደ ተቀመጠ ያውቃል። ጥንቃቄንም ይማራል። በቫልቭ የሚሠራ ማጉያ ውስጡ ከ400 ቮልት በላይ ሊኖረው ይችላል፤ ሽቦው ከግድግዳው ከተነቀለ በኋላ እንኳ ካፓሲተሮቹ ገዳይ ኃይል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ኤሌክትሪክ ይሉኝታ የለውም፤ ችላ ያለውን ሰው ማንነቱን ሳይጠይቅ ይቀጣዋል።

ነገር ግን ኤሌክትሪክ እንዲህ በግልጥ ሲፈርድ፣ ጆሮ በግልጥ አይፈርድም። ሙያው ከባድ ፈተና የሚያመጣውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ፣ ብዙ ማታ አምሽቶ፣ በማጉያው ውስጥ ያለውን አንድ ክፍል በሌላ ይለውጣል። ከዚያም ተቀምጦ ሲያዳምጥ ድምፁ ጠርቶ ይሰማዋል። ይህ ሰው ሊያታልለን አይፈልግም፤ በእርግጥም ጠርቶ ተሰምቶታል። ነገር ግን ያዳመጠው በጆሮው ብቻ አልነበረም። ድካሙም፣ ተስፋውም፣ ያወጣው ገንዘብም አብረው አዳምጠዋል። በዚህ ላይ ከሁለት ድምፆች አንዱ በጥቂቱ ከፍ ያለ እንደ ሆነ፣ ጆሮ የከፍታውን ልዩነት እንደ ጥራት ቈጥሮ ይቀበለዋል።

ተስፋ በጆሮ ላይ ምን ያህል እንደሚሠለጥን የኤዲሰን ኩባንያ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ያደረጋቸው ትርዒቶች ያሳያሉ። ዘፋኙና ማጫወቻው በአንድ መድረክ ላይ ሆነው፣ መብራት ጠፍቶ፣ የሚሰማው የሰው ድምፅ ይሁን የሸክላ አድማጮች እንዲለዩ ይጠየቁ ነበር። ብዙ ሰዎች መለየት እንዳቃታቸው በጊዜው ተጽፏል። የዚያን ዘመን ሸክላ ዛሬ የሚሰማ ሰው ግን ይህን ለማመን ይቸግረዋል።

የጆሮን አድልዎ የሚያርም ብልሃት ከወዴት ይገኛል? መልሱን ከማጉያው ከራሱ መማር ይቻላል። በ1927 ዓ.ም. ሃሮልድ ብላክ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ «አራሚ መልስ» ብለን ልንጠራው የምንችለውን ዘዴ አገኘ። በዚህ ዘዴ ማጉያው ካወጣው ድምፅ ከፍሎ ወደ መግቢያው ይመልሳል፤ ከገባው ድምፅ ጋር ያስተያየዋል፤ ከራሱ የጨመረውንም ስሕተት ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ የማጉላት ኃይሉ ያንሳል፤ ነገር ግን መዛባቱም አብሮ ያንሳል። ኃይሉን ከፍሎ እውነትን ይገዛል ማለት ነው። የዊሊያምሰንም ማጉያ የተመሠረተው በዚህ ዘዴ ላይ ነበር።

ሠሪውም በራሱ ላይ እንዲህ ያለ አራሚ ሊያኖር ይገባዋል። አሮጌውንና አዲሱን መሣሪያ በመጋረጃ ይሸፍን፤ ድምፃቸውን በመለኪያ ያስተካክል፤ የትኛው እንደሚሠራ ሳይነገረው ባልንጀራው እያቀያየረ 16 ጊዜ ያሰማው፤ እርሱም መልሱን ይጻፍ። በትክክል የለየው 8 ጊዜ ያህል ከሆነ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አልተሻለም። 12 ጊዜና ከዚያም በላይ ከለየ ግን፣ ይህን በግምት ብቻ የማግኘት ዕድሉ ከመቶ 4 ስለማይሞላ፣ ልዩነቱን ሰማሁ ለማለት በቂ ምክንያት አለው። በዚህ ፈተና የሚከፈለው ዋጋ ኩራት ነው። የባልንጀራን ሥራ መንቀፍ ቀላል ነው፤ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» እንዲሉ። የገዛ ሥራን ከመጋረጃ በስተጀርባ አስቀምጦ መፍረድ ግን ድፍረት ይጠይቃል።

ምናልባት አንባቢ «ሰውየው ደስ ካለው፣ ደስታው ከየትም ቢመጣ ማንን ይጐዳል?» ይለን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በቤቱ ተቀምጦ ደስ የሚለውን ሰው ማንም ሊከሰው አይገባም። ነገር ግን ይህ ሰው ወደ ጓደኛው ሄዶ «አንተም ለውጥ፤ ይህን ውድ ሽቦ ግዛ» ባለ ጊዜ ደስታው ምስክርነት ይሆናል። ያልተመረመረ ምስክርነትም የጓደኛውን ደመወዝ ያስወጣል። ከሁሉም ይልቅ የሚጐዳው ራሱ ነው፤ የዚህ ሥራ ትርፍ ዕውቀት ነው ብለናልና፣ ያልሰማውን እንደ ሰማ አድርጎ የያዘ ሰው ትርፉን ጥሎ ድካሙን ብቻ ተሸከመ። ይህም በሙዚቃ መሣሪያ ብቻ የሚቀር አይደለም። ያረቀቀውን ደብዳቤ ለሌላ ዓይን ሳያሳይ የሚያሳልፍ ሠራተኛ፣ ያቀደውን ሥራ ፍሬውን ሳይለካ የሚያመሰግን ሹም፣ ሁሉም አራሚ መልስ የጐደላቸው ማጉያዎች ናቸው።

ሆኖም ማረምም መጠን አለው። በማጉያው ውስጥ የሚመለሰው ድምፅ እጅግ ከበዛና ከዘገየ፣ ሊቀንስ የተላከው ተለውጦ ይጨምራል፤ ማጉያውም ምንም ሳይገባለት በራሱ መጮኽ ይጀምራል። ሲለካና ሲለውጥ፣ ሲጠራጠርና ሲፈታ ዕድሜውን የሚጨርስ ሰውም እንዲሁ ነው። ሸክላውን የሚያስቀምጠው መሣሪያውን ለመመርመር ነው እንጂ ዘፈኑን ለመስማት አይደለም። መልእክተኛውን ሲጠይቅ መልእክቱ ያልፈዋል።

ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ሰው በእጁ የሚሠራው ለማወቅ ነው፤ ሥራውንም የሚፈርድለት ዓይኑ የተሸፈነ ጆሮው ነው። ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ግን፣ ቢደሰትም ቢያዝንም፣ የሣጥኑን ክዳን በብሎን አጥብቆ ይቀመጥ፤ በገናውንም ያዳምጥ። ይህ ሁሉ ድካም የተደከመው ለእርሱ ነበርና።