ስለ ጠበቀ መቃኛ

ጠብቆ አልዞር ያለውን ነገር በኀይል ማዞር ይገባልን? ወይስ እስኪለቅ ድረስ መታገሥ? ይህ ጥያቄ ለእጅ ባለሙያ ብቻ የቀረበ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰውን የሚያስተምር፥ የተጣላውንም የሚያስታርቅ ሁሉ ዕለት ዕለት ያገኘዋል።

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ደጋ መሰንቆ የሚይዝ ሰው ነገሩን በእጁ ያውቀዋል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በጉና ተራራ ዙሪያ ክረምት በገባ ጊዜ እንጨት እርጥበት ይጠጣል። እንጨትም ወደ ርዝመቱ እምብዛም አያድግም፤ ወደ ወርዱ ግን ያብጣል። ስለዚህ በዘንጉ ቀዳዳ የገባው መቃኛ ይጠብቃል። ችኩል ሰው ጨብጦ ይጠመዝዘዋል፤ መቃኛው ይሰበራል፥ ከዚያም የከፋ እንደ ሆነ ዘንጉ ይሰነጠቃል። አስተዋይ ግን አውታሩ የተደገፈበትን እንጨት አንሥቶ ውጥረቱን ያላላል፤ መሰንቆውንም ደረቅ ስፍራ ያኖራል፤ ቁርበቱ እንዳይኰማተር ለእሳት አያቀርበውም። ሰንብቶም ወደ ግራ ጥቂት፥ ወደ ቀኝ ጥቂት እያደረገ ይፈትነዋል።

በብረትም ነገር ሕጉ ይኸው ነው። በኤሌክትሪክ ጊታር ክሮች ሥር ፒክአፕ የሚባል፥ የክሩን እንቅስቃሴ በማግኔትና በመዳብ ሽቦ ጥቅል ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ክፍል አለ። የአሜሪካው ጊብሰን ኩባንያ በ1957 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያወጣው ባለ ሁለት ጥቅሉ ፒክአፕ የየክሩ ድምፅ የሚስተካከልባቸው 6 ብሎኖች አሉት። ዘመን ሲረዝም የእጅ ላብና እርጥበት ያዝጋቸዋል። ሽቦው ከራስ ጠጉር አይወፍርም፤ በካቻቢቴ የሚታገል ሰው የብሎኑን ራስ ያበላሻል፤ ካቻቢቴው ቢያመልጠውም ሽቦውን በጥሶ ዕቃውን ድምፅ አልባ ያደርገዋል። የሚያውቅ በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ ዘይት ከብሎኑ ሥር አኑሮ ያሳድራል፤ በማግስቱም ወደ ማጥበቂያው ጥቂት፥ ወደ መፍቻው ጥቂት ያዞረዋል። ይህ ሁሉ ሆኖ እንቢ ያለ እንደ ሆነ ብሎኑን ይሠዋል እንጂ ጥቅሉን አይሠዋም። ብሎን ይተካል፤ የጥንቱ ጥቅል ግን አይተካም።

የጋይንት ሊቃውንት ይህን በማስተማር ያውቁታል። የድጓ ማስመስከሪያው ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያው ዙር አምባ ሁለቱም በዚያው አገር ናቸው። ዜማ በአንደበቱ የጠበቀበትን ተማሪ ጥሩ መምህር አያባርረውም፤ ያለፈውን መልሶ ያስከልሰዋል፤ ወደ ኋላ መመለሱ ወደ ፊት መሄጃው ይሆናልና።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ደም የተቃባ ወገን ነው። ዛሬውኑ ታረቁ ብሎ የሚያስገድድ ሽማግሌ የአፍ ዕርቅ ያገኛል፤ ልብም ይሰነጠቃል። ጊዜ ይፈታዋል ብሎ የሚተወው ደግሞ ታጋሽ አይባልም፤ ሰነፍ ነው። የሟች ልጅ ባደገ ቍጥር ቂሙም አብሮ ያድጋል፤ የተተወ ብሎንም ዝገቱ ይበዛል እንጂ አይለቅም። ብልህ ሽማግሌ ዛሬ ከአንዱ ቤት፥ ነገ ከሌላው ቤት ይመላለሳል፤ ካህኑም መስቀል ይዞ አብሮት ይሄዳል። ካሣው ይከፈል፥ ኵራትም ይሰበር፤ እነዚህ ታናናሾች ናቸውና። የሰው ነፍስ ግን የማይተካው ነው።

እንግዲህ ኀይል ፈጽሞ የተከለከለ ነውን? አይደለም። ጠመንጃውን አንሥቶ ወደ ወንድሙ ደጅ የሚሮጠውን ሰው ልቡ እስኪለዝብ መጠበቅ አይገባም፤ ቢያዝንም፥ ቢቈጣም እጁን መያዝ ይገባል፤ በዚያች ሰዓት ሊሰበር የቀረበው ታላቁ ነውና። ስለዚህ ኀይልም ትዕግሥትም በራሳቸው ምስጋና ወይም ነቀፋ የላቸውም። ከመንካቱ በፊት የጠበቀውን ነገር የያዘው እርጥበት እንደ ሆነ ወይም ዝገት እንደ ሆነ፥ በልብም ሐዘን እንደ ሆነ ወይም ትዕቢት እንደ ሆነ የመረመረ፥ ቢሰበርም የትኛው እንዲሰበር አስቀድሞ የለየ ሰው ሁለቱንም በየጊዜያቸው ሊሠራባቸው ይችላል።