ባለጸጋና መጋቢ

ባለጸጋ ሰው መንግሥተ ሰማያትን ሊወርስ ይችላልን የሚለው ጥያቄ ከሐዋርያት ዘመን ጀምሮ የምእመናንን ልቡና ሲያስጨንቅ የኖረ ነው፤ አንዱ ወገን ሀብትን ራሱን ኃጢአት አድርጎ ሲኰንነው፣ ሌላው የሞላ ጎተራን የእግዚአብሔር ፍቅር ማስረጃ ያደርገዋል። ነገር ግን አብርሃምም ባለጸጋ ነበር፤ አልዓዛርን በደጁ ያስራበው ነዌም ባለጸጋ ነበር። አብርሃም የድንኳኑን ደጅ ለመንገደኛ ከፍቶ ሲጠብቅ፣ ነዌ በደጁ የወደቀውን ድውይ እያየ አልፎ ወደ ማዕዱ ይገባ ነበር። ስለዚህም ዮሐንስ አፈ ወርቅ በአልዓዛር ላይ ባስተማረው ትምህርት፣ ባለጸጋ ካለው ለድኻ አለማካፈሉ ራሱ ቅሚያ መሆኑን አስረድቷል፤ ሀብት በባለጸጋው እጅ የተቀመጠ የድኻ አደራ ነውና።

ይህን ትምህርት በወገራ ደጋ፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በአምባ ጊዮርጊስ አካባቢ፣ ፊደል ያልቈጠረው ገበሬ በግብር ያውቀዋል። የመሸበት መንገደኛ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ሲል፣ ባለቤቱ ዘሩን ሳይጠይቅ ውሻውን ይይዝለታል፤ ከመደቡ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ለብ ያለ ውሃ ይቀርብና ከቤቱ ልጆች አንዱ በርከክ ብሎ በተረከዙ ንቃቃት የደረቀውን ጭቃ እያሸ ካጠበ በኋላ እግሩን ይስማል፤ የገብሱ እንጀራና ጠላው የሚከተለው ከዚህ በኋላ ነው። ጌታችን በጸሎተ ሐሙስ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቦ የሠራው ሥርዓት ይኸው ነው፤ ቆሞ የሚሰጥ ሰው ተቀባዩን ባለዕዳ ሲያደርገው፣ ዝቅ ብሎ የሚሰጥ ግን ወንድም ያደርገዋል።

ዳሩ ግን በዚሁ አገር፣ በየወሩ በ23 ቀን ስለ ጊዮርጊስ በሚዘከረው ዝክር፣ ተራቸው ሲደርስ መልሰው የሚጋብዙን ጎረቤቶቻችን ከላይ ተቀምጠው ሲጠግቡ፣ ደበሎ የለበሰው የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የተረፈውን ከደጅ ቢጠባበቅ፣ ዝክሩ ብድር መመላለስ እንጂ ምጽዋት አይባልም። ጌታ በፈሪሳዊው ቤት ሳለ፣ ብድር ሊመልሱ የማይችሉትን ጥሩ ብሎ ያስተማረው ስለዚህ ነው፤ ዝክር የቅዱሱን ስም ጠርቶ የተራበውን ማጥገብ ነውና ነዳያን ቀድመው ሊቀመጡ ይገባል።

የስሜን ታሪክም ምስክር ነው። የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ሊነግሡበት አስበው በደረስጌ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ድል የነሷቸው ደጃዝማች ካሳ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው በዚያው ነገሡ፤ ውቤ በአምባ ያከማቹትም ሀብት ለድል አድራጊው ሆነ። ለራሳቸው ያኖሩት ከእጃቸው ሲወጣ፣ ለእግዚአብሔር የሰጡት ግን የሕዝብ መጸለያ ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ ባለጸጋ ሆይ፣ አንተ መጋቢ እንጂ ባለቤት አይደለህምና፣ አዝመራው ሲደርስ እህልህን ወደ ጎተራ ከማስገባትህ በፊት የድኻውን ድርሻ ለይ፤ ገንዘብህን ብቻ ሰጥተህም ጉልበትህን አትንፈግ፤ ደቦ ጠርተህ አጫጅ ያጣችውን የባልቴቲቱን ማሳ ከራስህ ማሳ አስቀድመህ እጨድ።