ለእህቴ ልጅ፣ ከሐረር ፈላና በር

ልጄ፣ የላክኸውን ረጅም መልእክት የጎረቤት ልጅ ከስልኳ ላይ አነበበችልኝ። ስለ ነፍስህ የጻፍኸው ቦታ ላይ ስትደርስ የሰው ምስጢር የያዘች መስሏት ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር። ጮክ ብለሽ አንብቢ አልኳት። አንደኛ ጆሮዬ ደክሟል፤ ሁለተኛ አንተ ራስህ ለማንም ያልደበቅኸውን እኛ ምን አስደበቀን።

ቶሮንቶ ሆነህ ከፈጅር በፊት ተነስተህ ዝክር እንደምትቀመጥ፣ ሥጋ እንደተውክ፣ ከወሬኛ ጓደኞችህ እንደራቅህ፣ በዙሪያህ ያለው ሰው ሁሉ ተኝቶ አንተ እንደነቃህ ነግረኸኛል። «ኢጎዬን አሸንፌዋለሁ ማለት ይቻላል፤ የቀረችውን ከወልዩ አባድር ደጅ መጥቼ ልጨርሳት፤ ከዚያ በኋላ በእኔ ውስጥ የአላህ ፍቅር ብቻ ይኖራል» ብለሃል። ልምጣ ወይ ብለህም ጠይቀኸኛል።

ና። አገርህ ነው፤ ወደ አገሩ የሚመጣ ሰው ፈቃድ አይጠይቅም። ሻንጣህን ከማሰርህ በፊት ግን የምነግርህ አለኝ። ሽማግሌ ነኝና ተረት አበዛለሁ፤ ታገሠኝ።

ኢጎ ያልካት ነፍሲያ ሞኝ አይደለችም። ገንዘብ ስትነሳት ክብር ትጠይቃለች፤ ክብር ስትነሳት ደግሞ መስገጃ ይዛ ትመጣለች። መስጊድ ከአንተ ቀድማ ትገባለች፤ ፊተኛውን ሰፍ ይዛ ትጠብቅሃለች። በገበያ የምትንጎራደደውን ነፍሲያ ማንም ያውቃታል፤ ጎረቤት ይገሥጻታል፣ ሚስት ትጮህባታለች። ጾምና ዝክር ለብሳ የመጣችውን ግን ማን ደፍሮ ይገሥጻታል? ሰዉ እጇን ይስማታል እንጂ።

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባላል። ቶሮንቶ ላይ ቁርበት ተነጥፎልህ ይሆናል። እዚህ ግን የማን ልጅ እንደሆንክ፣ ቁርዓን ቤት በምን እንደተገረፍክ፣ የማንን ዘይቱን ከዛፉ ላይ እንደሰረቅክ የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ለሚሸሽ ሰው ይህ ክፉ አገር ነው፤ ለአንተ ጉዳይ ግን ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

የአያትህን ቤት ታስታውሳለህ። እንግዳ ሲገባ የሚቀመጥበት መደብ፣ ነደባው፣ በከፍታው ይለያያል፤ አሚር ነደባ የቤቱ ጌታ ነው፣ ትልቁ ነደባ የሌላው ሰው ነው፣ ከበሩ ጀርባ ደግሞ ማንም የማያየው ጠባብ ቦታ አለ። ልጅ ሆነን አንድ ቁርዓን የጨረሱ፣ ኪታብ ያወቁ አዛውንት ሁልጊዜ ከበሩ ጀርባ ይቀመጡ ነበር። ኑ ወደ ላይ ሲሏቸው እንቢ ይላሉ። አንድ ቀን ሴቶቹ ጓዳ ሆነው ስለ እሳቸው ትሕትና ሲያወሩ ሰሟቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ያሳያቸው ቦታ ላይ ይቀመጡ ጀመር፤ አሚር ነደባ ቢሏቸው አሚር ነደባ። አባቴ «አሁን ገና ወረዱ» አለ። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር፤ አንተ ግን ፊደል የቆጠርክ ነህና ይግባህ። ከበር ጀርባ ያለውም ነደባ ዙፋን ይሆናል፤ የተቀመጠበት ሰው ከወደደው።

ሐረርን የወልዮች ከተማ ይሏታል። ዩኔስኮ እ.አ.አ. በ2006 ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊድና 102 አዋች፣ የወልዮች ደጅ ማለት ነው፣ ቆጥሯል። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሠሩት ግንብ ውስጥ፣ ከጫፍ ጫፍ በአንድ ጠዋት በእግር በሚዞር ቦታ ላይ። አዋች መዘየር ትክክል ነው አይደለም ብለው የሚከራከሩ ወጣቶች ዛሬ ብዙ ናቸው፤ ክርክሩን ለዑለማዎቹ ትቼዋለሁ። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። አው አባድርን ዓለም ያውቃቸዋል፤ አይ አቢዳን ሴቶቻችን ያውቋቸዋል፤ ከቀሩት ብዙዎቹን ግን የሰፈራቸው ሰው እንኳ ስማቸውን እንጂ ሥራቸውን አይነግርህም። ምን ሠሩ ስትለው «ደግ ሰው ነበሩ» ብሎ ያልፋል። ከተማዋን ያጠራት አሚር እንኳ አረንጓዴ ቀለም በተቀባ መቃብራቸው ከእነዚህ መሃል እንደ አንዱ ተኝተዋል። አንተ በስልክህ ላይ በየቀኑ የምትለጥፈውን የመንፈስ እድገት ዜና ሳይ እነሱን አስታውሳለሁ። አትቀየመኝ።

አባድር ደጅ ሐሙስ ማታ ትመጣለህ። ከረቡው ከበሮ ይመታል፣ የእንጨቱ ከበል ይጨበጨባል፣ ቡናው ይዞራል፣ ዝክሩ ሲሞቅ ልብህ ይቀልጣል፤ ታለቅሳለህም። ልቅሶው ውሸት ነው አልልህም። እኔም አልቅሼበታለሁ፤ ከእኔ ጎን ያለቀሰ ነጋዴ ግን ጠዋት ሱቁ ሲገባ የሠራተኛውን ደሞዝ ሲቆርጥ አይቻለሁ። ዝክር ላይ የሚመጣ ለቅሶ ስጦታ ነው፤ ምስክር ወረቀት አይደለም። የቃዲሪያ መንገድ ሰዎች፣ የባግዳዱ ሼኽ አብዱልቃድር ጄይላኒ ልጆች፣ ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። ከእነሱ አንዱን ብትጠይቅ ስለ ሌሊቱ ሁኔታህ ሳይሆን ስለ ቀኑ ገበያህ ይጠይቅሃል።

ስለ ፍቅር የጻፍኸው ላይ ቆየሁ። የባስራዋን ራቢያን ጠቅሰሃል፤ ደግ አድርገሃል። በ8ኛው ክፍለ ዘመን የነበረች ድሃ ሴት ናት። በአንድ እጇ እሳት፣ በሌላው ውሃ ይዛ በመንገድ ስትሮጥ ታየች ይባላል፤ ጀነትን ላቃጥል፣ ጀሀነምን ላጥፋ ብላ፣ ሰው አላህን ለዋጋው ሳይሆን ለእሱነቱ እንዲወደው። አንተ ይህን ታሪክ ወደድከው። ግን ልብ በል፤ «በእኔ ውስጥ የአላህ ፍቅር ብቻ ይኖራል» ስትል ጀነትን ትተህ ሌላ ዋጋ እየጠየቅህ ነው፤ ፍቅር ያደረበት ሰው መባልን። ራቢያ ውሃና እሳቱን የያዘችው ለጀነትና ለጀሀነም ነበር፤ ለአንተ ብትመጣ ሌላ ባልዲ ሳያስፈልጋት አይቀርም።

እዚህ ማታ ማታ ከፈላና በር ውጭ ጅብ ይመገባል። ጥንት በረሃብ ዘመን ጅቦቹ ሰው መብላት ሲጀምሩ፣ ቅዱሳኑ ተራራ ላይ መክረው ገንፎ በቅቤ አድርገው አበሏቸውና ሰላም ሆነ ይላሉ አባቶች። ለዚህ ነው በአሹራ ቀን ገንፎው ዛሬም የሚወጣው። በግንቡም ላይ ጅቡ ሌሊት ገብቶ ቆሻሻውን ጠራርጎ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ። ሌላው ከተማ ለጅብ ወጥመድ ሠራ፤ የእኛዎቹ በር ሠሩለት። የአላህን ፍቅር በዓይንህ ማየት ከፈለግህ እዚያ ቀዳዳ ጋ ቁም። ዛሬማ ቱሪስቱ ሥጋውን በእንጨት አንጠልጥሎ በአፉ ይይዝና ጅቡ ሲነጥቀው ፎቶ ይነሳል። ጅቡን የሚመግቡት ልጆች እንጀራ አግኝተውበታልና አልከፋም። ግን ያ ፎቶ ስለ ጅቡ ነው ወይስ ስለ ሰውየው? አንተ ስትመጣ ካሜራውን ቤት ተወው።

በሰው ላይ ስለመፍረድም አንድ ልንገርህ። ጎረቤቴ የሆነው ክርስቲያን ሽማግሌ ታኅሣሥ 19 ሲደርስ ቁልቢ ገብርኤል ይሄዳል። ራስ መኮንን ያሠሩት ደብር ነው፤ ስለት ያለው እስላምም ይሄድበታል። አቀበቱን ድንጋይ ተሸክመው የሚወጡ ምእመናን አሉ። ይህ ጎረቤቴ ስለ ሙሴ ጸሊም አጫወተኝ፤ በግብፅ በረሃ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ፣ ወንበዴ የነበረ መነኩሴ። አንድ ወንድም አጥፍቷልና ና እንፍረድበት ብለው ሲጠሩት፣ ቀዳዳ ቅርጫት አሸዋ ሞልቶ በጀርባው አዝሎ መጣ። ምንድን ነው ሲሉት፣ የእኔ ኃጢአት ከኋላዬ እየፈሰሰ እኔ አላየውም፤ እናንተ በሌላው ላይ እንድፈርድ ጠራችሁኝ አለ። የእኛ ሰው ይህንኑ በአጭሩ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ይላል። አንተም ተኝተዋል ያልካቸውን ሰዎች አስባቸው። ምናልባት ሌሊት ፈረቃ ሠርተው ነው።

ፍቅር ስሜት ብቻ እንዳይመስልህ ደግሞ ቢሲዲሞን እይ። ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ታውቀዋለህ። የሥጋ ደዌ ያለበት ሰው ከዘመድ ተለይቶ ይኖር በነበረበት ጊዜ፣ እ.አ.አ. በ1958 ከጀርመን በመጣ እርዳታ የተቋቋመ ሕክምና ነው። እዚያ የሚሠሩ ሰዎች ስለ ነፍሲያ ሲሰብኩ አልሰማሁም። ቁስል ያጥባሉ፤ ከዚያ ሌላ ቁስል ያጥባሉ። ሰው ለመንካት የሚጠየፈውን እግር ይዞ ማጠብ ላይ «እኔ» የምትለዋ ብዙ ወሬ አታገኝም፤ ሥራው ራሱ ያደክማታል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ እስካሁን የዞርኩት ፈርቼ ነው።

በዚያ ሁሉ መልእክትህ ውስጥ የወንድምህ ስም የለም። ዛፍ አለ፣ ሕፃናት አሉ፣ የጋዛ ሰዎች አሉ፣ በረዶው እንኳ አለ። ዓለምን ሁሉ ወደድክ፤ ወንድምህ ግን ከዓለም ውጭ ቀረ።

የተጣላችሁበትን አውቃለሁ። ለአያትህ ቤት ጣሪያ ብለህ የላክኸውን ብር ባጃጅ ገዛበት። ክረምቱ ገብቶ ግድግዳው ላይ ያሉት የእናቴ ሞሶቦችና ሳህኖች ውሃ አገኛቸው። በድሎሃል። ይህን ለማለስለስ አልሞክርም፤ እሱም ፊት ብያለሁ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ነፍሲያ የምትፋፋው ስንበድል ብቻ አይደለም፣ ስንበደልም ነው። እንዲያውም ይበልጥ። የበደለ ሰው ሌሊት ይባንናል፤ የተበደለ ግን እውነቱን ታቅፎ ይተኛል፤ ማንም አንሳው ሊለው አይችልም። አንተ ሥጋ ተውክ፣ ወሬ ተውክ፣ እንቅልፍ ተውክ። ትክክል የሆንክበትን ነገር ግን አልተውክም። ከፈጅር በፊት ስትነሳ እሱም አብሮህ ይነሳል።

«ከራስ በላይ ነፋስ» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ግን ጨርሰው አላዩትም። ነፋሱ ያለው ላይ ነው፤ ራስ ደግሞ ከነፋሱ በታች ናት፤ ጣሪያዋን ሲያነሳው ታየዋለህ። ያ ቤት አሁን ያለ ጣሪያ እንደ ቀረው።

ይቅር በል ማለቴ ሒሳቡን ርሳ ማለቴ አይደለም። እንዲህ ያለ ትሕትና እዚህም አይቻለሁ፤ ሰው «እኔ ምንም ነኝ» ይልና ሌላው እንዲዘርፈው ዝም ይላል፤ ኋላ ሆዱ ውስጥ ያደረውን ለልጆቹ ያወርሳል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ብሩ ብር ነው። ሦስት ሽማግሌ ይቀመጥ፣ ባጃጁ ከሚያገኘው በየወሩ ምን ያህል ለጣሪያው እንደሚውል ይነገር፣ ይጻፍ፣ ይፈረም። የእኛ አገር ሽምግልና ለዚህ ነው የተፈጠረው። ሰላምታህን ግን በሒሳቡ መያዣ አድርገህ አትያዘው። መጀመሪያ ሰላም በለው፤ ሒሳቡ ኋላ ይመጣል። ጀጎል ውስጥ መገራ ወገራ የሚሏት መንገድ አለች፤ የእርቅ መንገድ ናት፤ ከጥበቷ የተነሳ ሁለት የተጣሉ ሰዎች ሳይነካኩ አይተላለፉባትም። እናንተ ግን አንዱ ካናዳ፣ አንዱ እዚህ ስለሆናችሁ መንገዱ ሰፍቶላችኋል።

«ከተፋቀሩ የነብር ቆዳ ይበቃል» ይላሉ። ያ ቤት ለሁለታችሁ ሰፊ ነው።

ምናልባት እሱ ይሰድብሃል። ካናዳዊ፣ ሼኩ፣ ወልዩ ይልሃል። በስም አወጣጥ የታወቀ ነው። ያን ጊዜ የሚነሳውን ሙቀት ከደረትህ እስከ ጆሮህ ተከተለው፤ አባድር ደጅ ልጨርሳት ያልካት እሷ ናት፤ እዚያው ታገኛታለህ፤ ሐሙስ መጠበቅ አያስፈልግህም። ወዲያው ትሞታለች ብለህ አትቸኩል ደግሞ። «የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል»። ዛሬ ዝም ካልክ ነገ ትመልሳለህ፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ዝም ትላለህ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከታናሽ እህቴ ጋር፣ ከእናትህ ጋር ማለቴ ነው፣ ስለ አንድ የብርድ ልብስ ስንከራከር ትሰማ የለ።

ለአሹራ ድረስ። ለአባድር ደጅ ሙሪዶች ቡናና ስኳር አምጣ፤ ከማን እንደመጣ አትንገራቸው፤ ለእኔ ደግሞ ለጉልበት የሚሆን ያንን ቅባት። ከድሬዳዋ በሚኒባስ ትመጣለህ፤ ሐረር መናኸሪያ ስትወርድ የሚቀበልህ ወንድምህ ነው። ነግሬዋለሁ፤ አጉረመረመ እንጂ እንቢ አላለም። በባጃጁ ነው የሚመጣው። ፈላና በር ድረስ ሲያደርስህ ሒሳብ ይጠይቅህ እንደሆን አላውቅም፤ ከጠየቀህ ክፈለው።