መሪው «እንመለስ» ሲል



በአልፕስ ተራሮች አገር ቤተሰብ ለዕረፍት ቀኑ ከሚመርጣቸው ጨዋታዎች አንዱ ካንዮኒንግ ይባላል። አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋር የራስ ቁር ደፍተው፣ ብርድ የሚከላከል የጎማ ልብስ ለብሰው፣ በጠባብ ገደል ውስጥ የሚፈሰውን ወንዝ ተከትለው ይወርዳሉ። ፏፏቴውን በገመድ ይወርዱታል፤ በለስላሳው ዓለት ይንሸራተታሉ፤ ከከፍታ ወደ ኩሬው ይዘላሉ። ለዚሁ የተቋቋመ ድርጅት መሪ ይሰጣቸዋል፤ እነርሱም ገንዘባቸውን ከፍለው ነፍሳቸውን አደራ ይሰጡታል።

ይህን ሰምቶ «የጥጋብ ሥራ ነው» የሚል አይጠፋም። እኔ አልፈርድም። ልጅ ከአባቱ ጋር የፈጣሪን የእጅ ሥራ ቢያይ፣ ፍርሃቱንም ቢያሸንፍ መልካም ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛም ካህን ሳሉ የአልፕስን ተራሮች ይወጡ ነበር።

ሆኖም ሐምሌ 20 ቀን 1991 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ፣ በኢንተርላከን አቅራቢያ፣ ሳክሰትባኽ በተባለው ወንዝ የሆነውን እናስብ። ከላይ በተራራው ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ደራሽ ውሃ በገደሉ ውስጥ ባሉት ላይ ወረደ። 18 እንግዶችና 3 መሪዎች፣ በጠቅላላው 21 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱ 14ቱ አውስትራሊያውያን ነበሩ።

የደራሽ ውሃን ነገር እኛም እናውቃለን። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ወስዷል። ነገር ግን ልዩነት አለ፤ የድሬዳዋን ሰዎች ጎርፉ በመኖሪያቸው ደረሰባቸው፤ በሳክሰትባኽ ግን «እንግባ» ብሎ የወሰነ ሰው ነበረ። ስለዚህም በ1994 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ 6 ሰዎችን በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኞች አላቸው። ዛሬ በዚያ አገር ሕግ፣ ያለ ፈቃድ እንዲህ ያለውን ጉዞ ለገንዘብ ማካሄድ አይቻልም።

ሰይጣን ጌታችንን በቤተ መቅደሱ ጫፍ አቁሞ እንዲዘል ሲጠይቀው የመዝሙረ ዳዊትን ቃል ጠቅሶ ነበር። ጌታ እምቢ ያለው የአባቱን ጥበቃ ተጠራጥሮ አይደለም፤ ፍቅሩን በመዝለል ሊፈትን ስላልወደደ ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም በ1985 ዓ.ም. ባወጣችው ትምህርተ ክርስቶስ፣ ሕይወት የተሰጠን አደራ መሆኑን፣ በፍጥነት ፍቅር የራሱንና የሌላውን ሕይወት ለአደጋ የሚያጋልጥም ከባድ በደል እንደሚፈጽም ታስተምራለች።

እንግዲህ ፈተናው ከገደሉ አፍ ላይ ነው። ቤተሰቡ ከሩቅ መጥቷል፤ ልጁ ቀኑን ሲቆጥር ከርሟል። መሪው ደመናውን አይቶ «እንመለስ» ይላል። «የከፈልነውስ?» ብሎ የሚቆጣ አባት በመሪው ላይ የሚጭነውን ሸክም ያውቃልን? ከዓለቱ ጫፍ ቆሞ የሚንቀጠቀጠውን ልጅስ «ወንድ አይደለህም?» ብሎ የሚገፋፋ አባት የማንን ድምፅ እያሰማው ነው?

መምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ ሆይ፤ አምስተኛውን ትእዛዝ ስታስተምሩ በነፍሰ ገዳዩ ብቻ አታብቁ። ሾፌሩን፣ ጀልባ ቀዛፊውን፣ የሕንፃ ሥራ ኃላፊውን፣ ወላጁንም ጥሩ።

ለእነዚያ 21 ነፍሳትና በደቻቱ ላለቁት ወገኖቻችን መሐሪው አምላክ የዘላለም ዕረፍትን ይስጥልን። አሜን።