ላልቶ ወይስ ጠብቆ

አጎቴ ጉልበቱን እያሻሸ ከወንበር ሲነሳ “ካረጁ አይበጁ” ማለት ልማዱ ነው። ባለፈው ዓመት ግን ተረቱን በጊታሩ ላይ ተረተበት። በወጣትነቱ የገዛውንና ከቁም ሣጥን አናት ላይ 30 ዓመት አቧራ የጠገበውን ጊታር ላስጠግነው ብዬ ሳወርደው፣ እጁን አወናጨፈና “ተወው ልጄ፣ ካረጁ አይበጁ” አለኝ።

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። “አይበጁ” ላልቶ ሲነበብ “አይጠቅሙም” ነው፤ “የሚበጅህን አድርግ” ከምንለው። ጠብቆ ሲነበብ ግን ወደ “ማበጀት” ይሄዳል፤ አይሠሩም፣ አይጠገኑም ማለት ይሆናል። ተረተኛው ያሰበው ላላ ያለውን መሆኑ አያከራክርም። እኔ ግን ጠበቅ ያለውን ልፈትነው ብዬ ጊታሩን ይዤ ወደ ጠጋኝ ሄድኩ።

ጠጋኙ መጀመሪያ የነካው ክሮቹን ነው። እንደተወጠሩ ነበር የተሰቀሉት። ስድስት የብረት ክሮች ሲቃኙ በድምሩ 70 ኪሎ ገደማ ይስባሉ፤ ይህን የሚሸከመው የፊት ገበታ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ሆዱ አብጧል፣ አንገቱ ወደ ፊት ዘንብሏል፣ ክሮቹ ከፍሬቶቹ ርቀው ለመጫን ጣት የሚያቆስሉ ሆነዋል። ገበታው ላይም የአዲስ አበባ በጋ እንጨቱን አድርቆና አኮማትሮ የሰነጠቀው መስመር አለ። ያንን ስንጥቅ ድሮ እኔው በሱፐር ግሉ ደፍኜው ነበር። ጠጋኙ ምንም አላለም፤ ቀና ብሎ አየኝ ብቻ።

ነገሩ የገባኝ አንገቱን ሲያላቅቅ ነው። ሠሪው አንገቱን ያጣበቀው ከከብት ቆዳ ተቀቅሎ በሚወጣ ኮላ ነው፤ ይህ ኮላ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ይለቃል። ጠጋኙ እንፋሎት ሰጥቶ አንገቱን ነቀለው፣ ተረከዙን ጥቂት ፍቆ አቅንቶ መለሰው። ያ ሰው ሲሠራው ጊታሩ አንድ ቀን እንደሚያረጅና ሌላ እጅ እንደሚከፍተው አስቦ ነበር ማለት ነው። የእኔ ሱፐር ግሉ ግን ስለ ነገ አላሰበም፤ ስንጥቁን ለማጽዳት ብቻ ሁለት ቀን ፈጀ።

ተረቱ የሚረታበትም ቦታ አለ። የዛጉት ክሮችና የተበሉት ፍሬቶች አርጅተው አልበጁም፣ ተጣሉ። የክር መቀመጫውም ከበሬ አጥንት እንደ አዲስ ተቀረጸ። በገንዘብ ከተሰላ ደግሞ አጎቴ ልክ ነው፤ ለጥገና ያወጣሁት አንድ አዲስ ጊታር ይገዛ ነበር።

አሜሪካዊው ዘፋኝ ዊሊ ኔልሰን እንዲህ ያለውን ስሌት የሚሰማ አይመስለኝም። “ትሪገር” የሚላትን ማርቲን ኤን-20 ጊታሩን እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ይዟታል፤ ምቱ ገበታዋን በልቶ ቀዳዳ አውጥቶባታል። ቴክሳስ፣ ኦስቲን ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሚንከባከባት ማርክ ኧርልዋይን ቀዳዳውን ደፍኖ አዲስ ላስመስላት አላለም። እርጅናዋን ትቶላት እንዳትፈርስ ብቻ ይጠብቃታል። እኔም የአጎቴን ጊታር ቀለም አላስነካሁም፤ ክንዱ ያረፈበት ቦታ እንደፈዘዘ ነው።

ጊታሩን ስሰጠው አጎቴ ወዲያው አልመታም። አሸተተው። ከዚያ ቁልፎቹን እያዞረ በጆሮው ቃኘና ትዝታ ጀመረ፤ ገና ሳይዘልቅ ቆመና የለሰለሱ ጣቶቹን አየ።

“አንተ ልጅ፣” አለኝ ጊታሩን እየመለሰልኝ፣ “ትንሽ አላላልኝ።”

ክሮቹን ሁሉ ግማሽ ድምፅ ዝቅ አደረግኩለት።