ያልተበላው ማሽላ

ከቀይ አፈር ወደ ወይጦ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ አንድ ባለ እርሻ ነበረ። በዚያ ዓመት ዝናቡ በጊዜው ጥሎለት ማሽላው ከሰው ቁመት አልፎ ነበር። ራሱ እየከበደ ሲመጣ ግን ሰውየው እንቅልፍ አጣ። ትልልቆቹ ልጆቹ ከብቱን ይዘው ሩቅ ግጦሽ ሄደዋል፤ ሚስቱ አራስ ናት። ቀን ቀን ግሪሳ ወፍ ሰማዩን አጨልሞ ይመጣል፣ ዝንጀሮ ከገደሉ ይወርዳል፤ ሲመሽ ደግሞ ጃርትና ከርከሮ ይተካሉ። ጠባቂ ያጣ ማሽላ በጥቂት ቀን ውስጥ ባዶ አገዳ ሆኖ እንደሚቀር እዚያ አገር የማያውቅ የለም።

ሐሙስ ገበያ ወጣና አንድ ደላላ አገኘ። ደላላው ከብትም፣ ማርም፣ ሰውም ያገናኛል።

«ጠባቂ አለኝ» አለው። «ከተራራው ወዲያ የመጣ ልጅ ነው። ዘንድሮ አገራቸው ዝናብ አልጣለም። እዚህ ዘመድ የለውም፤ ስለዚህ ጥሎህ የትም አይሄድም።»

«ስንት ይላል?»

«እስከ አጨዳ ዐሥር ቁና።»

ባለ እርሻው አልተከራከረም። ዐሥር ቁና ለዚያ ሁሉ ማሽላ ብዙ አልነበረም።

ደላላው ጥላ ሥር ወደተቀመጠው ልጅ ተመለሰና «በስድስት ቁና ተስማምቼልሃለሁ፤ ተያዥህም እኔ ነኝ» አለው። ልጁም አልተከራከረም። ስድስት ቁና ተሸክሞ እናቱ ቤት ሲገባ ከወዲሁ ታየው።

ማማው በአራት ባላ ላይ የተረበረበ እንጨት ነው፤ ጣሪያ የለውም። ልጁ የወንዙን ጭቃ እያድበለበለ ፀሐይ ላይ ያደርቅና በጉልበቱ ፊት ይደረድረዋል፤ የወንጭፉ ጥይት እሱ ነው። ወፍ ከሁሉ ቀድሞ ስለሚነቃ እሱ ከወፍ ቀድሞ መንቃት አለበት። ረፋዱ ላይ ድምፁ ይዘጋል፤ ከሰዓት በኋላ የሚቀረው ወንጭፍና ጅራፍ ብቻ ነው። ማታ እሳት ያነድዳል። ጃርት እሳት በሌለበት በኩል ስለሚመጣ ፍሙን በገል ይዞ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሌላው ሲዞር ያድራል። እንቅልፍ የምትባለው ወፉ ከሰፈረ በኋላ ጃርቱ እስኪወጣ ያለችው አጭር ጊዜ ናት። የባለ እርሻው ትንሽ ልጅ ሸፈሮ የሚሉትን የቡና ገለባ መጠጥ በቅል፣ ቂጣ ደግሞ በቅጠል ጠቅልሎ ያመጣለታል። ዝናብ ሲመጣ የሚደርበው አሮጌ የላም ቆዳ ሰጥተውታል።

ባለ እርሻው በየጥቂት ቀኑ እየመጣ የእርሻውን ዳር ዳር ይዞራል። ወፍ የጠረጠረውን፣ ከርከሮ የሰበረውን ራስ እያየ ወገቡ ላይ ባሰረው ገመድ ቋጠሮ ይቋጥራል። ልጁ ከማማው ላይ ሆኖ ያየዋል። በእሱ አገርም፣ በዚህም አገር ለድግስ የተቀጠረ ቀን በገመድ ቋጠሮ ስለሚቆጠር የሥራ ቀኖቹን የሚቆጥርለት መሰለው። ገመዱ በረዘመ ቁጥር ደስ አለው።

ሁለት ጨረቃ አለፈ። ማሽላው ታጨደ፣ ተወቃ፣ ክምሩም ከአጥሩ በላይ ታየ። የሒሳብ ቀን ደላላው ጭምር መጣ።

«ስድስት ቁና ነበረህ» አለ ባለ እርሻው፤ አራቱን ደላላው አስቀድሞ ወስዷል። «አንዱ ለቆዳው ነው። አንዱ ለበላኸው ቂጣ።» ከዚያ ገመዱን ፈታና ዘረጋው። «ይህ ደግሞ በአንተ እጅ የጠፋው ማሽላ ነው። ስቆጥረው ሦስት ቁና ይሞላል። አንድ ቁና አለህ፤ ተመርቀህ ግባ።»

ልጁ ገመዱን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ጊዜ አየው። ወደ ደላላው ዞሮ «ወንድሜ፣ አንተ አይደለህ ያመጣኸኝ?» አለው። ደላላው «ተያዥ ሆኜብህ አታሳፍረኝ፤ የተሰጠህን ተቀበል» አለው።

ልጁ አልተቀበለም። መንደሩ ውስጥ ነገር የሚቆርጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ እሳቸው ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው በርኩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ ሸፈሮውን በአፋቸው እፍ ብለው ከመረቁ በኋላ ሦስቱንም ሰሙ። ገመዱንም ተቀብለው ቋጠሮውን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ከሸለቆው ማዶ ያለችው ቁራሽ እርሻስ?» አሉ ባለ እርሻውን። «የአንተ አይደለችም?»

«የኔ ናት አባቴ። ከዚሁ ጋር በአንድ ቀን ነው የዘራኋት። ትንሽ ስለሆነች ጠባቂ አላቆምኩባትም።»

«ሂድና ከእሷ የተረፈውን አምጣልኝ።»

ሰውየው ሄደ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አንድ የማሽላ ራስ ይዞ ተመለሰ። ፍሬ የነበረበት ሁሉ ገለባ ነው፤ ከአንገቱ አጠገብ፣ ወፍ ያልደረሰባቸው ሦስት ፍሬዎች ብቻ ቀርተዋል።

ሽማግሌው ራሷን ከገመዱ ጎን መሬት ላይ አኖሯት። «በልጁ እጅ የተበላውን ማሽላ ቋጥረህ አምጥተሃል» አሉ። «በልጁ እጅ ያልተበላውንስ የቋጠርክበት ገመድ የታለ?»

ባለ እርሻው ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ ግን «ሌሊት የተበላው ሲተኛ ነው» አለ።

«ቀን ለወፉ ቀጠርከው። ሌሊት ለጃርቱ ማንን ቀጠርክ?»

«እሱኑ።»

«እንግዲያ ስለተኛባት ሌሊት ልትጠይቀው የምትችለው ስላልተኛባቸው ሌሊቶች ስትከፍለው ነው። ቆዳህን ውሰድ፤ ቆዳው የማማው እንጂ የልጁ አይደለም። ቂጣውም ከቁናው አይቆረጥም።» ወደ ደላላው ዞሩ። «አንተስ ይህን ልጅ ለማምጣት ስንት ቀን ፈጀብህ?»

«ግማሽ ቀን።»

«አንድ ቁና ይበቃሃል። ሦስቱን መልስ።»

ልጁ ዘጠኝ ቁና ጭኖ አገሩ ገባ።

በሚቀጥለው ዓመት ባለ እርሻው እንደገና ሐሙስ ገበያ ወጣ፤ ያው ደላላ ጋር። ደላላው አሁንም ጠባቂ አላጣም፤ ከቀድሞው ልጅ አገር አልፎ፣ ከዚያም ርቆ የመጣ ሌላ ልጅ ነበረው። የሽማግሌውን ፍርድ ያልሰማ፣ የሽማግሌውን ቋንቋም የማያውቅ። ስድስት ቁና አሉት፤ እሺ አለ። ገመድም ተዘጋጀ።

የቀድሞው ጠባቂ በዚያ ሐሙስ የራሱን ማሽላ ሊሸጥ ገበያው ላይ ነበረ። አዲሱን ልጅ ጥላው ሥር ተቀምጦ ሲያየው ሥራው ገባው። ጠጋ ብሎ በእጁ ምልክት «ስንት አሉህ?» ሲል ጠየቀው። ልጁ ስድስት ጣቱን አወጣ። የቀድሞው ጠባቂ ዐሥሩንም ጣቱን ዘረጋለት።

ምሳሌው ይኸው ነው። ዛሬ ማማው የባንክ ቅርንጫፍ በር፣ የኮንዶሚኒየም ግቢ፣ የጂንካ ሆቴል አጥር፣ የወይጦ ጥጥ እርሻ ሆኗል። ከኦሞ፣ ከኮንሶ፣ ከጋሞና ከወላይታ ወጥተው አዲስ አበባ በር ላይ የሚያድሩ ወጣቶች የዚያ ልጅ ወንድሞች ናቸው። የጥበቃ ሥራ ፍሬው ያልሆነው ነገር ነው፤ ያልተሰበረው በር፣ ያልተወሰደው መኪና። ያልሆነውን ነገር ደግሞ ማንም አይቆጥርም። አንድ ላፕቶፕ የጠፋ ቀን ግን ገመዱ ወዲያው ይዘረጋል፤ ጠባቂው ጣቢያ ያድራል፣ ከደመወዙም ይቆረጣል። ከእነዚህ ልጆች ደመወዝ ማነስ በስተጀርባ ያለው ትልቁ ነገር ይህ የተዛባ ቆጠራ ይመስለኛል።

ደላላው ዛሬ ፈቃድ አውጥቶ ኤጀንሲ ሆኗል። ባንኩ ወይም ፋብሪካው ውል የሚፈርመው ከኤጀንሲው ጋር ነው፤ በአንድ ጠባቂ ስንት እንደሚከፈል ጠባቂው አያይም። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በዚህ ላይ ደጋግሞ ጮኋል። ከገጠር ለመጣ ልጅ ከክፍያውም በፊት የሚከብደው ተያዥ ማግኘቱ ነው። ደመወዝተኛ ዘመድ ከተማ ውስጥ የለውም። ተያዥ የሆነለት ሰው ደግሞ በኋላ አፉን የሚያዘጋው ሰው ይሆናል።

ሰዓቱን እናስላ። በብዙ ግቢ 24 ሰዓት ሠርቶ 24 ሰዓት ማረፍ የተለመደ ነው፤ «ግማሹን ቀን ያርፋል» ይባላል። በሳምንት ሲታሰብ ግን 84 ሰዓት ይመጣል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ያደርገዋል። ሥራው ወጣ ገባ ከሆነ በአማካይ ማስላት ይፈቅዳል፤ አማካዩ ግን ከዚሁ እንዳያልፍ ይላል። ስለዚህ በየሳምንቱ 36 ሰዓት ትርፍ ነው፤ አዋጁ በሳምንት የሚፈቅደው ትርፍ ሰዓት ግን 12 ብቻ። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.75 ጊዜ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን የተሠራ 2 ጊዜ፣ በሕዝብ በዓል ቀን የተሠራ 2.5 ጊዜ ተባዝቶ ይከፈላል። የፋሲካን ሌሊት በር ላይ ካሳለፈ ልጅ የደመወዝ ወረቀት ላይ ይህን ቁጥር ፈልጉት።

ስለ ቆረጣም ሕጉ ዝም አላለም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በቀር ደመወዝ አይቆረጥም፤ ሲቆረጥም በወር ከደመወዙ አንድ ሦስተኛ አያልፍም። የደንብ ልብሱ ዋጋ ጠባቂው ላይ ሲጫን ሳይ የላሟ ቆዳ ነው ትዝ የሚለኝ።

ሕጉ የጎደለበትም ቦታ አለ፤ ይህን መሸፋፈን አልፈልግም። መንግሥት ለራሱ ሠራተኞች ዝቅተኛውን ደመወዝ በ2018 ዓ.ም 6,000 ብር አድርሷል። ለግሉ ዘርፍ ግን አዋጁ ራሱ ያሰበው የደመወዝ ቦርድ ወለል ሳያስቀምጥ ዓመታት አልፈዋል። ከዚህ የባሰው የመኖሪያ ቤት ዘበኛ ነው። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥር ከአዋጁ ውጭ ስለተደረገ የግለሰብ ቪላ በር ላይ የሚያድረው ሰው የ48 ሰዓቱን ጥላ እንኳ አያገኝም። ለእሱ የሚበጀው ደንብ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ይወጣል የተባለው ነው፤ መውጣት አለበት።

እስከዚያው ባለ እርሻው እጅ ላይ ያለ ሥራ አለ። ከኤጀንሲ ጋር የምትፈርሙ ድርጅቶች፣ ውሉ ላይ ጠባቂው እጅ የሚገባው ብር ተለይቶ ይጻፍ፤ ለሌሊቱ ሌላ ሰው ይመደብ፤ ጎጆው ጣሪያና መቀመጫ ይኑረው። ለጠባቂውም በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፤ አሪኛ፣ በናኛ ወይም ኮንሶኛ የሚያስረዳው ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አይጠፋም።

ከቀይ አፈር ወይም ከጂንካ መነኸሪያ ለሚሳፈረው ልጅ ደግሞ የቀድሞ ጠባቂዎች ሊነግሩት የሚገባ ሁለት ነገር አለ። ድርጅት ወይም ኤጀንሲ ሲቀጥርህ በጽሑፍ ውል ባይፈርምልህ እንኳ በ15 ቀን ውስጥ የቅጥርህን ሁኔታ የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ጠይቀው። ያልተከፈለህን ደመወዝና ትርፍ ሰዓት ደግሞ ሥራ ስለቅ እጠይቃለሁ ብለህ አታቆየው፤ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ካለፈ ጥያቄህ በይርጋ ይታገዳል።