«አሸክሚኝ»፦ በችግር ስለሚወለድ ወዳጅነት

ሰው ብቻውን ሊኖር እንደማይችል የማይቀበል የለም። የሚያከራክረው ሌላውን የሚሻው ስለምን እንደሆነ ነው። የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ወዳጅነትን ከሦስት ከፍሎ፣ በጥቅም፣ በደስታና በመልካም ጠባይ ላይ የቆመውን ለየብቻ አስቀምጧል፤ በጥቅም ላይ የቆመው ጥቅሙ ሲያበቃ አብሮ እንደሚያበቃም አስተምሯል። እንግዲህ ምንም የሌላቸው ሁለት ብቸኞች ሲወዳጁ ወዳጅነታቸው ከየትኛው ወገን ይመደባል? እርስ በርስ ስለሚፈላለጉ ብቻ የጥቅም ነው ተብሎ ይናቅ ይሆን?

ይህ ጥያቄ በደቡብ ቆላ ከተሞች ከመጽሐፍ ወጥቶ መንገድ ላይ ይቆማል። በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል በምትገኘው በነገሌ ቦረና፣ በቦኖ ውሃ ሰልፍ ላይ የሚገናኙ ሁለት ልጃገረዶችን በአሳብ እናቁም ቢባል ከእውነቱ የራቀ አይሆንም። አንደኛዋ ከደጋ አገር መጥታ በሰው ቤት የምታገለግል ናት፤ አፏን በፈታችበት ቋንቋ የሚያናግራት ከአሠሪዋ በቀር የለም፤ አሠሪዋም የምታናግራት ለማዘዝ ነው። ሁለተኛዋ የአርብቶ አደር ልጅ ናት። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ከብቶቻቸው ካለቁባቸው ቤተሰቦች ወጥታ ወደ ከተማ ገብታለች፤ ወተት ትሸጥ የነበረችው ማገዶ ትሸጣለች። ሁለቱ በቋንቋም፣ በእምነትም፣ በአለባበስም አይመሳሰሉም።

የሚያገናኛቸው ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ነው። ሃያ ኪሎ ውሃ በጀርባዋ ተሸክማ መሄድ የምትችል ልጅ፣ ያንኑ ውሃ ከመሬት አንሥታ በገዛ ጀርባዋ ላይ ማኖር ያቅታታል። ስለዚህ አንዷ ለሌላዋ የምትናገረው የመጀመሪያ ቃል «አሸክሚኝ» የሚል ነው።

ነገሩ «ዛሬ አሸከምሁሽ፣ ነገ ታሸክሚኛለሽ» በሚል ቢያበቃ ከብድር አይለይም ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም እዚህ አይረዳም፤ ሎሚ ይከፋፈላል፣ የሞላ ጀሪካን ግን አይከፋፈልም። አንዷ ሌላዋን ካሸከመች በኋላ፣ የተሸከመችው ጎንበስ ብላ ውለታውን በዚያው ቅጽበት ልትመልስ አትችልም። ከሁለቱ አንዷ የግድ ኋላ ትቀራለች። የተሸከመችው ውሃዋን አድርሳ፣ ያንኑ አቧራማ መንገድ መልሳ ስትመጣ ግን በመካከላቸው አንድ አዲስ ነገር ተፈጥሯል። ባለዕዳ የሚመለሰው ዕዳውን አስቦ ነው፤ እርሷ የተመለሰችው ብቻዋን የቀረችውን አስባ ነው። ችግር አገናኛቸው፤ የተወዳጁት ግን ፈቅደው ነው።

መከራን መካፈል ብቻውን ወዳጅ እንደማያደርግ ነገሌ ራሷ ትመሰክራለች። በጥር ወር 1966 ዓ.ም. በዚያ የሰፈሩ ወታደሮች የውሃ መሳቢያቸው ተበላሽቶ፣ ከመኮንኖቻቸው ጉድጓድ እንዳይጠጡ ስለተከለከሉ ዐመፁ። ጉዳዩን እንዲያረጋጉ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዘው፣ እነርሱ የሚበሉትን አበሏቸው፤ የሚጠጡትንም አጠጧቸው። ወታደሮቹ የጠየቁት ፍትሕ ነበር። ሆኖም ጄኔራሉ የችግራቸው ተካፋይ ሆኑ እንጂ ወዳጃቸው አልሆኑም። በግድ የተካፈሉት ጽዋ ያስተካክል ይሆናል፤ አያወዳጅም።

ከዳዋ ማዶ፣ በስተምዕራብ በተዘረጋው የቦረና ምድር፣ ሕዝቡ ለዚህ ችግር ከጥንት ጀምሮ ሥርዓት አበጅቷል። በዱብሉቅና በዌብ ባሉት ጥልቅ የቱላ ጉድጓዶች ሰዎች ከታች እስከ ላይ በተርታ ቆመው የውሃውን ዕቃ በዜማ ይቀባበላሉ። ከታች የቆመው ከላይ የሚጠጡትን ከብቶች ሳያይ ይቀዳል። ከብቱ ላለቀበት ሰውም ጎሳው በ«ቡሳ ጎኖፋ» ሥርዓት ከብት አዋጥቶ ዳግም ያቋቁመዋል፤ ተቀባዩም እንደ ለማኝ አይቆጠርም። ነገር ግን ድርቁ የሁሉንም በረት ባዶ ሲያደርግ የሚያዋጣው ማነው? ከደጋ ለመጣችውስ አገልጋይ በዚያ አገር ጎሳዋ ማነው? የሁለቱ ልጃገረዶች ወዳጅነት የሚበቅለው ሥርዓቱ ሊደርስበት ባልቻለው በዚህ ክፍተት ላይ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ካድሬው ሁለቱን ልጆች ለሕዝቦች አንድነት መፈክር ምሳሌ ሊያደርጋቸው፣ ከያኒው በየባህል ልብሳቸው አስጊጦ ከመድረክ ሊያቆማቸው፣ መምህሩም የትዕግሥት ትምህርት ሊያወጣባቸው ይፈተን ይሆናል። ችግር ወዳጅ አፍርቷልና ችግር ይኑር ማለት ግን በሌላው ጀርባ መመጻደቅ ነው። ውሃው ወደየደጁ መግባት አለበት፤ ደመወዙም፣ ትምህርት ቤቱም ሊደርሳቸው ይገባል። የአርስቶትል ፈተናም በትክክል የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

ቧንቧው ከገባ በኋላ አንዷ ወደ ሌላዋ ደጅ ባዶ እጇን፣ ያለ ጀሪካን የሄደች ዕለት፣ ያ ወዳጅነት የጥቅም ነበር ብሎ የሚከራከር ሰው መልስ ያገኛል። እስከዚያው ግን ጎንበስ ብላ በምታሸክመው ልጅ ላይ ለመፍረድ መብት ያለው፣ ራሱ ኋላ መቅረትን የሚያውቅ ብቻ ነው።